ኻኪ

ደምበጫ፣ ከመንገዱ ዳር፣ ሲንጀሬን ዘርግቼ፣
ስንት ልጅ በካኪ አለበስሁ፣ ትከሻውን ለክቼ።
መቀሱ ጨርቁን ሲከፍለው፣ ብናኙ ሲነሣ፣
አንድ ድምፅ አለ፣ ጉሮሮዬን የሚጭር እንዳልረሳ።

ሰባተኛ ክፍል ነበርን፤ መምህሩ ከህንድ የመጣ፣
ባርኔጣው ዝናብ ያልቻለ፣ ጃንጥላው ነፋስ የቀጣ።
ዲሬክተሩ ስሙን ከወረቀት «ኩርሺድ» ብሎ ቢያወጣ፣
«ጋሽ ኩርሼ» አልነው እኛ ደግሞ፤ አቤት አለ ሳይቆጣ።
የኛንም እሱ አልቻለው፤ ደምበጫን «ደምበቻ» ይላል፣
ተምጫ ወንዝ ምላሱ ላይ «ተምቻ» ሆኖ ይፈስሳል፣
«ቀ»ን ሊል ይጀምርና፣ «ከ» ላይ ወድቆ ይስቃል።

አንድ ቀን ዝናብ ሲደበድብ፣ ቆርቆሮው ሲያደነቁረን፣
መጽሐፉን ዘግቶ ጠመኔ አነሣ፣ የቃላት ስደት ነገረን።

«ሻምፖ የምትሉት፣ እኛ ቤት ቻምፖ ነበረ፣
ራስ ለሚያሽ ሰው ሲታዘዝ፣ ‹ጫን በል!› እንደማለት ነበረ፤
እንግሊዝ ሰምቶ ወሰደው፤ ‹ቻ›ን ‹ሻ› አርጎ፣ እጁን ትቶ ሳሙናውን አስቀረ።
ፒጃማ ፓይጃማ ነበር፣ በቀን የሚለበስ ሱሪ፣
እንግሊዝ እጅ ሲገባ ተኛ፣ ሆነ አልጋ ላይ ቀሪ።
ሉት ማለት ዘረፋ ነው፣ ምላስ ወደ ላንቃ ታጥፎ፤
እንግሊዝ ቃሉንም ዘረፈው፣ እጥፋቱን አራግፎ።»

ሳቅን።
ሳቃችን ሳያልቅ እኔን አየኝ፣ የወንድሜን ቁምጣ ታጥቄ።
«ዩኒፎርምህስ?»
ተነሣሁ፣ ዴስኩን አጥብቄ፣
«ኻኪዬን ኸቤት ረስቼው ነው።»

ወዲያው አፌን ያዝሁት።
የአማርኛው መምህር በዚች ፊደል ስንቴ መዳፌን አቃጥሎኝ!
«የባላገር ጉሮሮ ነው፤ ‹ከ› በል፣ ‹ከ›!» እያለ ገርፎኝ።

የህንዱ ጠመኔ ወደቀ።
«ድገመው» አለኝ።
መዳፌን ዘረጋሁ።
«እጅህን አይደለም። ቃሉን።»
«ኻ… ኻኪ።»

ዝም አለ። ቆርቆሮው ብቻ ያወራል።
መነጽሩን አውልቆ በክራቫቱ ጠረገው፤ ጥራት የለውም፣ መልሶ ይጠርገዋል።

«እናቴ እንዲህ ነው የምትለው፤ ኻክ ማለት አቧራ ነው፣
ኻኪ ደግሞ የአቧራ መልክ። እንግሊዝ ጉሮሮውን ዘጋው፣
‹ካኪ› ተብሎ ዓለምን ዞረ፣ በወታደር ገላ ላይ፤
ይኸው እዚህ ተራራ ሲደርስ፣ በሩ ተከፈተ ወይ?
የኔም ስም እንዲያው ነው። ኹርሺድ። ትርጉሙ ፀሐይ።»

ሰሌዳው ላይ ወጥቼ «ፀሐይ» ብዬ ጻፍሁለት።
«ይህ ‹ሐ› ኸዚያኛው ‹ሀ› በምን ይለያል?» አለ፣ ጣቱን ቀሰረበት።
በምን ይለያል? በምንም። አባቶቻችን በአፋቸው ለይተውት፣
ድምፁ ወጥቶ ሄዷል፤ ልብሱ ይኸው፣ ኸሚስማር ላይ ሰቅለውት።

እሱ ኸሄደ ስንት ዓመቱ። አድራሻም አልተቀበልሁ።
እኔም ኸትምህርቱ ወጥቼ፣ ኸመርፌ ጋር ቀረሁ።
ጨርቁም ቢሆን የዱሮው አይደለም፤ ሲታጠብ ይነጣል፤
አቧራው ግን ያው ነው፤ በበጋ ኸበሬ ደፍ ይቀመጣል።

ትናንት አንዲት እናት መጣች፣ ጨርቅ በነጠላዋ ጠቅልላ፣
«ኻኪ ነው፣ ለልጄ ስፋልኝ» አለች፣ ኸጀርባው ጎትታ አስጠግታ።
ልጁ አፈረ። ወደኔ አየና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦
«እማ፣ ‹ካኪ› በይ።»

ምንም አላልሁ።
ሜትሬን ባንገቱ ዙሪያ አዞርሁት፣ ቁጥሩን በጠመኔ ጻፍሁ፤
ኸጉሮሮው ላይ ብቻ፣
አንድ ጣት ሰፋ አረግሁለት።